የጥርስ ሐኪሟ እህታችን ለምን ረዳት ሆነች? የአሜሪካ የጥርስ ሕክምና ፈቃድ አጭር ታሪክ



በወርኃዊ ስብሰባችን ቡና እየጠጣን ስንጨዋወት ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። «እሷ እኮ አገር ቤት የጥርስ ሐኪም ነበረች፤ እዚህ ለምን ረዳት ሆና ትሠራለች? ፈተናውን ወስዳ ለምን አትገላገልም?» ይባላል። ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚነሳው እሷ በሌለችበት ነው። መልሱም ችኩል ነው። አንዷ «ሰንፋ ነው» ትላለች፤ ሌላዋ «ቋንቋው ከብዷት ነው» ትላለች፤ ሦስተኛዋ «ዘረኝነት ነው» ብላ ነገሩን ትዘጋዋለች።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ስለ ጥርስ የማውቀው እንደ ማንኛውም ታካሚ ነው። ነገር ግን በሙያችን አንድ የማይታለፍ ደንብ አለ። አዲስ ዓመት ሲገባ አዲስ መዝገብ ይከፈታል፤ በመጀመሪያው መስመር ላይ ግን ከባለፈው ዓመት የዞረው ሒሳብ ይጻፋል። ማንም የሚሠራ ድርጅት መዝገቡን ከዜሮ አይጀምርም። የጥርስ ሕክምና ፈቃድን ታሪክ ሳነብ የገባኝ ነገር ይህ ነው፦ ታሪኩ በአብዛኛው አንዲት ሴት ይዛ የመጣችው ዕውቀት በመጀመሪያው መስመር ላይ ይጻፍላት ወይስ አይጻፍላት የሚል ክርክር ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፈቃድ ከመምጣቱ በፊት

በአሜሪካም እንደ ሌላው ዓለም ድሮ ጥርስ የሚነቅለው መሣሪያ ያለው ሰው ነበር። ፀጉር አስተካካዩም፣ አንጥረኛውም፣ ከከተማ ከተማ የሚዞረውም ይነቅል ነበር። ሙያውን በደንብ የሚያውቁት ደግሞ ከአንድ ባለሙያ ሥር ቁጭ ብለው እያዩና እየሠሩ የተማሩ ነበሩ። ትምህርት ቤት አልነበረም።

በዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ የተቋቋመው እኛ ከምንኖርበት ከዋሽንግተን አካባቢ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል በምትርቀው በባልቲሞር ነው። ሆረስ ሄይደንና ቼፒን ሃሪስ የተባሉ ሰዎች ከሜሪላንድ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ፈቃድ አግኝተው በ1840 አቋቋሙት። በማግሥቱ ዓመት ያስመረቀው ሁለት ተማሪዎች ብቻ ነበር። ኮሌጁ ዛሬ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። በ1841 ደግሞ የአላባማ ስቴት የጥርስ ሕክምናን የሚመለከት የመጀመሪያውን ሕግ አወጣ። ሌሎቹ ስቴቶች ብዙዎቹ ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ እየተከታተሉ የራሳቸውን ሕግና የራሳቸውን ቦርድ አቋቋሙ። በአሜሪካ አንድ ብሔራዊ የጥርስ ሐኪም ፈቃድ የሌለው፣ ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ የሚሻገር ሐኪም እንኳ ሌላ ፈቃድ የሚያስፈልገው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው።

ስቴቶች ይህን የማድረግ ሥልጣን እንዳላቸው የጸናው በ1889 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ፍራንክ ዴንት የተባለ የዌስት ቨርጂኒያ ሐኪም ዲፕሎማውን የስቴቱ ቦርድ አልቀበልም ስላለው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከረ፤ ተሸነፈም። ጉዳዩ የሕክምና ቢሆንም የጥርስ ሐኪሞች ፈቃድም የቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው።

በዚህ ፍርድ ውስጥ ሁለት ልብ የሚባሉ ነገሮች አሉ። አንደኛው የዌስት ቨርጂኒያ ሕግ ሦስት በር ነበረው። ከታወቀ ኮሌጅ የተመረቀ ይገባል፤ በስቴቱ ውስጥ አሥር ዓመት የሠራ ይገባል፤ ሁለቱም የሌለው ደግሞ ፈተና አልፎ ይገባል። ዲፕሎማም፣ የሥራ ዘመንም፣ ፈተናም ይቆጠር ነበር ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ፍርድ ቤቱ ለስቴቶች ሥልጣን ሲሰጥ ወሰንም አስቀምጧል። የሚጠየቀው ነገር ከሙያው ጋር የተያያዘ፣ በተመጣጣኝ ጥናትና ጥረትም ሊደረስበት የሚችል መሆን አለበት ብሏል። እነዚህን ሁለት መለኪያዎች እንያዛቸው፤ በኋላ እንፈልጋቸዋለን።

በእጃቸው ያስመሰከሩ ሴቶች

የመጀመሪያዎቹ ሴት የጥርስ ሐኪሞች ታሪክ ለእኛ ማኅበር የሚነገር ነው።

ኤመሊን ሮበርትስ ጆንስ በኮኔክቲከት ስቴት የጥርስ ሐኪም አግብታ ትኖር ነበር። ባሏ ይህ ሥራ ለሴት እጅ አይሆንም ባይ ነበር። እሷም አልተከራከረችውም። የተነቀሉ ጥርሶችን እየሰበሰበች በድብቅ ቀዳዳቸውን መሙላት ተለማመደች፤ በመጨረሻም በማሰሮ ሙሉ የተሠሩ ጥርሶችን አምጥታ አሳየችው። ሥራዋን ባየ ጊዜ አብራው እንድትሠራ ፈቀደ። ይህ የሆነው በ1855 ነው። ባሏ በ1864 ሲሞት ሙያው የእሷና የልጆቿ መተዳደሪያ ሆነ።

ሉሲ ሆብስ ደግሞ አስተማሪ ነበረች። በ1859 ሕክምና ለመማር ወደ ሲንሲናቲ ሄደች፤ የሕክምና ኮሌጁ ሴት በመሆንሽ አንቀበልሽም አላት። ፊቷን ወደ ጥርስ ሕክምና አዞረች። በ1861 የኦሃዮ የጥርስ ሕክምና ኮሌጅም በዚያው ምክንያት በሩን ዘጋባት። እሷ ግን ፈቃደኛ ከሆኑ ሐኪሞች ዘንድ እየተለማመደች ሙያውን ተማረች፤ የራሷን ክፍል ከፈተች፤ ቀጥላም ወደ አዮዋ ስቴት ሄዳ በሥራዋ ስም አተረፈች። በ1865 የአዮዋ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር አባል አድርጎ ተቀበላት፤ ለአገር አቀፉ ጉባኤም ወኪል አድርጎ ላካት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቀድሞ የመለሳት ኮሌጅ ተቀበላት። ሲቀበላትም ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሪ አላላትም። የሠራችባቸውን ዓመታት ቆጥሮላት በቀጥታ የመጨረሻው ክፍል አስገባት። ከጥቂት ወራት በኋላ በየካቲት 1866 ተመረቀች። በዓለም በጥርስ ሕክምና ዲግሪ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በኋላ ጄምስ ቴይለር የተባለ የባቡር ድርጅት ሠራተኛ አገባች፤ ሙያውንም ለባሏ ያስተማረችው እሷ ናት።

ሦስተኛዋ ሄንሪዬተ ሂርሽፌልድ ጀርመናዊት ናት። አስቸጋሪ ከነበረ የመጀመሪያ ትዳሯ ተፋታ፣ በአገሯ ሴት የጥርስ ሕክምና የምትማርበት ቦታ ስላልነበረ ባሕር አቋርጣ ፊላዴልፊያ መጣች። እዚያም መጀመሪያ ተቃውሞ ገጠማት፤ ጄምስ ትሩማን የተባሉ መምህር ደገፏት፤ በ1869 ተመረቀች። በርሊን ተመልሳም የሴቶችንና የሕፃናትን ጥርስ የምታክም የታወቀች ሐኪም ሆነች። አንድ ብልህ ነገር አድርጋ ነበር፦ ገና ከመሄዷ በፊት ዲፕሎማ ይዛ ብትመለስ እንድትሠራ የሚፈቀድላት መሆኑን ከፕሩሺያ መንግሥት አረጋግጣ ነው የሄደችው። የሒሳብ ሠራተኛ ልብ ነበራት ማለት ነው።

የባሏ እህት ፍራንሲስካ ቲቡርትዩስ ግን ያን ያህል አልቀናትም። በስዊዘርላንድ በዙሪክ ሕክምና ተምራ ስትመለስ በጀርመን አገር ሙሉ የሐኪም ዕውቅና አልተሰጣትም፤ በውጭ የተማረች ሐኪም መሆኗን በሚገልጽ ስም ነበር የምትሠራው። ይህም ሆኖ ከጓደኛዋ ጋር በበርሊን ለደሃ ሴቶች ክሊኒክ ከፍታ ብዙ ሰው አከመች። በውጭ አገር ተምሮ በአገሩ አለመቆጠር የኛ ዘመን ፈጠራ አይደለም።

የተጠረጠረው ዲፕሎማ የአሜሪካ ነበር

አሁን ስለ ጥርጣሬው እንነጋገር፤ ምክንያቱም ጥርጣሬው ከባዶ የመጣ አይደለም። በዚያ ዘመን ገንዘብ ለከፈለ ሁሉ ዲፕሎማ የሚሸጡ «ኮሌጆች» ነበሩ። ዋናው መናኸሪያቸውም አሜሪካ ነበረች። በፊላዴልፊያ ጆን ቡካናን የተባለ ሰው ለዓመታት የሐሰት የሕክምና ዲፕሎማ ሲሸጥ ኖሮ በ1880 ተያዘ፤ ገዢዎቹ በአሜሪካ ብቻ ሳይሆን በአውሮፓም ነበሩ። በዚህ ምክንያት አውሮፓውያን የአሜሪካን ዲፕሎማ በጥርጣሬ ያዩ ነበር። በትጋት ተምሮ የተመረቀውም በአጭበርባሪዎቹ ጦስ ይመረመር ነበር።

ይህን የማነሳው ለመሳለቅ አይደለም። የውጭ ዲፕሎማን መመርመር ተገቢ ነው፤ የኛም አገር ከውጭ ለመጣ ዲግሪ የአቻ ግምት ትጠይቃለች። ነገር ግን ዛሬ የታመነው ትናንት የተጠረጠረ እንደነበር ማወቅ ልብን ያሰፋል። መመርመር ሌላ ነው፤ ሳይመረምሩ ዜሮ መጻፍ ሌላ ነው።

መቁጠሪያው ከእጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲዞር

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ በአሜሪካ ለትርፍ ብቻ የቆሙ የጥርስ ትምህርት ቤቶች ብዙ ነበሩ። ዊልያም ጊስ የተባሉ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ምሁር በካርኔጊ ፋውንዴሽን ድጋፍ የአሜሪካንና የካናዳን የጥርስ ትምህርት ቤቶች ለዓመታት አጥንተው በ1926 ትልቅ ሪፖርት አወጡ። የጥርስ ሕክምና ትምህርት እንደ ሕክምና ሁሉ በዩኒቨርሲቲ ውስጥና በሳይንስ ላይ መቆም አለበት አሉ። ደካማዎቹ ትምህርት ቤቶች እየተዘጉ ጠንካሮቹ ቀሩ። በ1928 ደግሞ ብሔራዊ የጥርስ ሐኪሞች ፈተና ቦርድ ተቋቋመ። በ1975 የጥርስ ትምህርት ቤቶችን ገምግሞ ዕውቅና የሚሰጠው ኮሚሽን፣ በአጭር ስሙ ኮዳ የሚባለው፣ አሁን ባለው መልኩ ተደራጀ።

ይህ ሁሉ ለታካሚው መልካም ነበር። ዛሬ ወደ ጥርስ ሐኪም ስንሄድ ያለ ፍርሃት አፋችንን የምንከፍተው በዚህ ሥራ ምክንያት ነው። ነገር ግን በሂደቱ አንድ ነገር ተለወጠ። ከዌስት ቨርጂኒያው ሕግ ሦስት በሮች ሁለቱ እየጠበቡ ሄዱ። የሥራ ዘመን ብቻውን መቆጠሩ ቀረ። ፈተናም ብቻውን የማያስገባ ሆነ። «ምን ታውቂያለሽ?» የሚለው ጥያቄ ቀርቶ «የት ተማርሽ?» የሚለው ቀደመ። የተማርሽበትን ትምህርት ቤት ኮዳ ካልገመገመው ሃያ ዓመት ብትሠሪም አብዛኛው ስቴት ከመጀመሪያው መስመር ላይ አይጽፍልሽም።

በአገሮች መካከል መተማመን ግን የማይቻል ነገር አይደለም። አሜሪካና ካናዳ አንዱ የሌላውን የጥርስ ትምህርት ቤቶች ዕውቅና እንዲቀበል ከ1956 ጀምሮ ተስማምተዋል። በቶሮንቶ የተማረች ሐኪም በአሜሪካ ትምህርቷን እንደገና አትጀምርም። ይህ የሆነው ሁለቱ አገሮች ተቀምጠው አንዱ የሌላውን አሠራር ስለመረመሩ ነው። የአፍሪካንና የአብዛኛውን እስያ ትምህርት ቤቶች በዚህ መልክ ቁጭ ብሎ የመረመረላቸው የለም።

የወደቀ ግድግዳ

ከትምህርት ቤቱ ሌላ ለረጅም ጊዜ የቆመ ግድግዳም ነበር፤ ዜግነት። በብዙ ስቴቶች ብዙ ሙያዎች ዜጋ ላልሆነ ሰው የተከለከሉ ነበሩ። ይህን ግድግዳ ከነቀነቁት አንዷ ፍሬ ለ ፖል ግሪፊትስ የተባለች የኔዘርላንድ ተወላጅ ናት። በአሜሪካ ሕግ ተምራ ብትመረቅም ዜጋ ስላልሆነች ብቻ የኮኔክቲከት ስቴት የጥብቅና ፈተና እንዳትወስድ ከለከላት። ተከራከረች፤ በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደላት። ከሦስት ዓመት በኋላ ስለ መሐንዲሶች ተመሳሳይ ፍርድ ተሰጠ። ዛሬ ግሪን ካርድ ያላቸው ነርሶቻችንና ፋርማሲስቶቻችን «ዜጋ አይደለሽም» ተብለው ሳይመለሱ የሚሠሩት እንዲህ ዓይነት ሰዎች መንገዱን ስለጠረጉላቸው ነው። አንዲት ሴት በፋይል ላይ ያለ አንድ ቃል እንዲሰረዝ መጠየቋ የብዙ ሺህ ሰው እንጀራ ሆነ።

የሐኪሙ መንገድና የጥርስ ሐኪሙ መንገድ

«ታዲያ የእገሌ ልጅ ከአዲስ አበባ ሕክምና ተምሮ መጥቶ ሐኪም ሆነ አይደል?» የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ። ለሐኪሞች የተለየ መንገድ አለ። የውጭ ምሩቃንን ማስረጃ የሚመረምር አንድ አገር አቀፍ ኮሚሽን በ1956 ተቋቁሟል። ምሩቁ ማስረጃው ከተረጋገጠና ፈተናዎቹን ካለፈ በሆስፒታል የሬዚደንሲ ሥልጠና ለማግኘት ይወዳደራል። ውድድሩ ከባድ ነው፤ ያገኘው ግን በሥልጠናው ጊዜ ደመወዝ ይከፈለዋል። የሕክምና ትምህርት ቤትን ድገም አይባልም።

የጥርስ ሐኪሟ ግን ደመወዝ ተቀባይ ሳይሆን ከፋይ ናት። ልዩነቱ የመጣው የሐኪሙ ዕውቀት ከእሷ ስለሚበልጥ አይመስለኝም። ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ሌሊት ተረኛ የሚሆኑ ወጣት ሐኪሞች አጥሯቸው ነበር፤ ስለዚህ ከውጭ የሚመጣውን የሚጠራ ትልቅ ተቋም ነበር። የጥርስ ሕክምና ግን በአብዛኛው የሚሰጠው በትናንሽ የግል ክሊኒኮች ነው። ክሊኒኩ የሚፈልገው ሁለት ረዳትና አንድ ጽዳት አስተካካይ ነው፤ ሌላ ሐኪም መጥራት ትርፉን ማካፈል ነው። የሚጠራ ሲጠፋ በሩን የሚከፍትም ጠፋ።

ሒሳቡን እንሥራው

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ፦ «ፈተናውን ወስዳ ለምን አትገላገልም?»

ፈተናው ራሱ አለ። ከ2020 ጀምሮ የተቀናጀ ብሔራዊ ፈተና ይሰጣል፤ 500 ጥያቄዎች አሉት፤ ሁለት ቀን ይፈጃል። ለውጭ ምሩቅ የመፈተኛው ክፍያ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ነው። ከዚያ በፊት ዩኒቨርሲቲዋ የትምህርት ማስረጃዋን በቀጥታ ለገምጋሚ ድርጅት መላክ አለበት፤ ትምህርት ቤቶቹ ደግሞ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ይጠይቃሉ።

ይህን ሁሉ ብታልፍ ፈቃድ አይሰጣትም። ያገኘችው የማመልከት መብት ነው። በአብዛኞቹ ስቴቶች ኮዳ የሚያውቀው ዲግሪ ስለሚያስፈልጋት ለውጭ ምሩቃን በተዘጋጀ ፕሮግራም ገብታ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት መማር አለባት። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የማመልከቻ ክፍያ አለ። ብዙዎቹ ጠርተው በሰው ሠራሽ ጥርስ ላይ የእጅ ሥራ ይፈትኗታል፤ አውሮፕላንና ማደሪያ በራሷ ነው። ልብ በሉ፤ ይህ የእጅ ፈተና የኤመሊን ማሰሮ ነው። ልዩነቱ ኤመሊን ካሳየች በኋላ ሥራ ጀመረች፤ የኛ እህት ካሳየች በኋላ ክፍያ ትጀምራለች። የትምህርቱ ጠቅላላ ክፍያ ከመቶ ሺህ ዶላር ይበልጣል፤ በብዙ ቦታ ከዚያም በጣም ያልፋል። ቪዛዋ ያልተስተካከለ ወይም ዋስ የሌላት ከሆነች ብድሩም አይገኝም። ተመርቃ ስትወጣ ደግሞ የስቴቱ የክሊኒክና የሕግ ፈተና ይጠብቃታል።

እኔ የሒሳብ መዝገብ ስይዝ ወጪ ሆኖ የማይጻፍ ግን ከሁሉ የሚከብድ ነገር አለ፤ እሱም የቀረ ገቢ ነው። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ሙሉ ቀን መሥራት አትችልም። ልጅ ካላት የልጅ ጥበቃ አለ። አገር ቤት እናቷ ወር ሲደርስ ስልክ የሚያዩ ከሆነ ያም አለ። ባለትዳር ከሆነች ደግሞ «መጀመሪያ እኔ ልማር፣ ከዚያ አንቺ» የሚል ስምምነት ይመጣል፤ «ከዚያ» የሚባለው ጊዜ የማይደርስባቸውን ቤቶች ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ወደ ክሊኒክ ሄዳ ረዳት ትሆናለች። ሐኪሙ የሚሠራውን ታውቀዋለች፤ አንዳንዴም ቀድማ ታየዋለች። በሕግ የተፈቀደላት ግን መሣሪያ ማቀበልና አፍ ውስጥ ያለውን ውኃ መምጠጥ የመሰለ ሥራ ነው። ይህ ስንፍና አይደለም።

ሌላውን ወገን ደግሞ እንስማ

ሕጉን የሚደግፉት ሰዎች የሚሉት ነገር አለ፤ እውነትም አለው። የተቦረቦረ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም። ማደንዘዣ በስህተት ከተሰጠ ሰው ሊሞት ይችላል። በዓለም ያሉ የጥርስ ትምህርት ቤቶች ደረጃቸው አንድ አይደለም፤ አንድ ቦርድም ሁሉንም ዞሮ ሊያይ አይችልም። የኛም ልጆች አፋቸውን ለማንም እንዲከፍቱ አንፈልግም።

ነገር ግን ከዚህ ጥበቃ ጎን ሌላ እውነት ቆሟል። በ2007 እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ብዙ አባሎቻችን በሚኖሩበት በፕሪንስ ጆርጅ ካውንቲ፣ አንድ የ12 ዓመት ልጅ በጥርስ ሕመም ሞተ። የታመመው ጥርስ ኢንፌክሽን ወደ አንጎሉ ዘልቆ ነበር። ጥርሱን ማስነቀል 80 ዶላር ያህል ይበቃው ነበር። የደሃ መድን የሚቀበል የጥርስ ሐኪም ማግኘት ለቤተሰቡ ከባድ ሆኖ ነበር። ለሁለት ቀዶ ሕክምናና ለሆስፒታል የወጣው ግን ሩብ ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ዛሬም በዚህ አገር በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ የጥርስ ሐኪም በሚጎድልበት አካባቢ ይኖራል።

የውጭ ምሩቅ ሁሉ ፈቃድ ቢያገኝ ያ ልጅ ይተርፍ ነበር ብዬ አልምልም፤ የመድኑም የክፍያውም ጉዳይ አለ። የምለው ይህን ነው፦ ሐኪም የጎደለበት ሰፈርና ሥራ የጎደለባት ሐኪም በአንድ ካውንቲ ጎን ለጎን ሲኖሩ መዝገቡ አልተመጣጠነም ማለት ነው። የ1889ኙን ሁለት መለኪያዎች እዚህ ላይ እንጠቀምባቸው። የሚጠየቀው ከሙያው ጋር የተያያዘ ነው? ፈተናውና የእጅ ምዘናው አዎን። በተመጣጣኝ ጥረት የሚደረስበት ነው? የአንድ ቤት ዋጋ የሚያህል የትምህርት ክፍያ ሲጨመርበት መልሱ ይለወጣል።

በሩን ገርበብ ያደረጉ

አንዳንድ ስቴቶች ሌላ መንገድ ሞክረዋል። ካሊፎርኒያ ለረጅም ጊዜ የውጭ ምሩቃንን በእጅ ሥራ ፈተና ትቀበል ነበር፤ በኋላ ያን በር ዘግታ ትምህርት ቤቶችን ራሷ መመርመር ጀመረች። በ2004 በሜክሲኮ ሊዮን ከተማ ያለውን የዴ ላ ሳሌ ባሂዮ ዩኒቨርሲቲ መርምራ ምሩቃኑን ተቀበለች። የውጭ ትምህርት ቤት ሄዶ ማየት እንደሚቻል ያ አሳይቷል።

ከሁሉ ልቤን የነካው የሚኒሶታ ሕግ ነው። ኮዳ ካላወቀው ትምህርት ቤት የተመረቀ ሰው የሚጠየቁትን ፈተናዎች ካለፈ የተወሰነ ፈቃድ ይሰጠዋል። በቦርዱ በጸደቀ ሐኪም ቁጥጥር ሥር በስምምነት ሦስት ዓመት ይሠራል። ሦስት ዓመት ከትምህርቱ አያንስም፤ ቁጥጥርም አለበት። ግን በእነዚያ ዓመታት ሐኪሙ ያክማል፤ ደመወዝም ያገኛል። የታካሚው ጥበቃ አልቀረም፤ የዞረው ሒሳብም ተጽፏል። ሌሎች ስቴቶች ደግሞ በታወቀ ተቋም የሚሰጥ የሁለት ዓመት የድኅረ ምረቃ ሥልጠናን በቂ ያደርጋሉ። መንገዱ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ የአንዷ ልምድ ለሌላዋ ሕግ አይሆንም።

እኛስ ምን እናድርግ?

ማኅበራችን ሕግ አያወጣም። ሆኖም ከአቅማችን በላይ ያልሆነ ሥራ አለ።

አንደኛ፣ ማስረጃ። ከአገር ቤት የምትመጣ የጥርስ ሐኪም እህት፣ ዘመድ ወይም ጎረቤት ያላችሁ ከመነሳቷ በፊት ንገሯት፤ የትምህርት ማስረጃዋን፣ የሥራ ልምዷንና የሙያ ፈቃዷን አሟልታ ትያዝ፤ ዩኒቨርሲቲዋ ማስረጃ በቀጥታ ለውጭ የሚልክበትን መንገድ ታጣራ። ሄንሪዬተ ከመሳፈሯ በፊት ጠይቃ ነበር።

ሁለተኛ፣ ከደላላ መጠንቀቅ። «ፈቃዱን እኔ አስጨርስልሻለሁ» የሚል ሰው ገንዘብ እንጂ ፈቃድ የለውም። ትክክለኛውን መልስ የሚሰጠው የየስቴቱ የጥርስ ሐኪሞች ቦርድ ነው። ያለ ፈቃድ በቤት ውስጥ ማከምም በሕግ ያስጠይቃል፤ ለነገው ማመልከቻም እንቅፋት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ዕቁብና ብድር። መቶ ሺህ ዶላር ከእኛ አይወጣም። ፈተናው፣ የማስረጃ ግምገማውና የማመልከቻው ክፍያ ግን በጥቂት ሺህ ዶላር የሚቆጠር ነው፤ ብዙዎቹ እህቶቻችን የሚቆሙትም እዚያ ላይ ነው። ለዚህ ብቻ የሚውል፣ ተመልሶ የሚሽከረከር የብድር ሣጥን ብናቋቁም አንዷ የመለሰችው ለሌላዋ ይደርሳል። መዝገቡን በነጻ ለመያዝ እኔ ፈቃደኛ ነኝ። ለደጋፊዎቻችንም የምለው ይህን ነው፤ በዚህ ሣጥን የሚገባ ገንዘብ አዲስ ሙያ ለማስተማር የሚወጣ አይደለም፤ ተምሮ የተቀመጠን ሙያ ለማንቀሳቀስ ነው።

አራተኛ፣ ልጅ መያዝ። ለ500 ጥያቄ የምታጠና እናት ከገንዘብ በፊት የምትፈልገው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆቿን የሚያይላት ሰው ነው። ይህን ለማድረግ ገንዘብ ያዥም ቃለ ጉባኤም አያስፈልገንም።

አምስተኛ፣ ድምፅ። የስቴት ምክር ቤቶች ስለ ሙያ ፈቃድ ሕግ ሲመክሩ የሕዝብ አስተያየት ይሰማሉ። ከጥርስ ሐኪሞች ማኅበር የሚመጣ ተናጋሪ አይጠፋም፤ ከረዳቶቹ ወገን የሚመጣ ግን ብዙ ጊዜ የለም። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ድምፅ የምንሰጥ ብዙ ነን። የሚኒሶታን ዓይነት ሕግ ለምን እኛ ጋ አይኖርም ብሎ ወኪልን መጠየቅ መብታችን ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ እሷ ከመጠያየቅ ይልቅ እሷኑ ጠይቋት። ስንት ዓመት አከመሽ? ምን ምን ትሠሪ ነበር? የትኛው ወረቀት ጎደለሽ? በሉዋት። ቦርዱ እስኪጽፍላት ድረስ የዞረውን ሒሳብ ቢያንስ እኛ እንጻፍላት።

ቸር እንሰንብት።